የዘጠኝ ሰዓቶቹ እህትማማቾች

አርባዋ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር ወደሚኖሩት የሟቿ እናት ቤት ሄድኩ። ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ እናቲቱ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እጄ ላይ አኖሩልኝና፣ «ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ልጄ ነበረች የምትነግረኝ። እስቲ ታላቅየዋ ዛሬ ምን እንደምትል አንቺ ስሚልኝ» አሉኝ።

ታላቅየዋ ማን እንደሆነች አላወቅሁም። ቴሌቪዥኑን ስከፍት ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚታይ የጀርመን ተከታታይ ድራማ መጣ። ቦታው በሰሜን በኩል ያለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሰዓት ሠሪና አንዲት ከሷ ትንሽ የምታንስ የእንስሳት ሐኪም ወጥ ቤት ውስጥ ቆመዋል። «ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው» አሉ እማማ፤ እማማ ነበር የምላቸው። «አባታቸው የተወላቸው ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሁለቱም ሳያገቡ ቀሩ፣ ምስኪኖች።» እሳቸው ይህን ሲሉ ምስኪኖቹ ከንፈር ለከንፈር ይሳሳሙ ነበር።

«ለምን ዝም አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ታናሽየዋ ሆድ ብሷት ነው» አልኩ። «ታላቅየዋ አቅፋታለች።»

«እሷ እንዲህ ናት፤ አንጀት አላት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ድምፁ ዞሩ።

ስኳር የእማማን ዓይን ከወሰደው ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሰው ሲገባ ያውቃሉ፤ ፊት ግን አያዩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ክፍል ሲወለውሉ ስለኖሩ የባልዲውን፣ የአልጋውን፣ የአለቃውን ጀርመንኛ አሳምረው ያውቁታል። የድራማው ጀርመንኛ ግን ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ ልጃቸው ሥራ በማትገባባቸው ቀናት አጠገባቸው ተቀምጣ በአማርኛ ትነግራቸው ነበር። ሁለቱን ሴቶች እህትማማች ያደረገቻቸው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀን ሳይስታት።

ልጃቸው ፍቅረኛዬ ነበረች። ሰባት ዓመት በዚያው ከተማ ቦርንሃይም ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ኖረናል። እማማ የሚያውቁኝ ግን የልጃቸው ደባል እንደሆንኩ ነው። እንዲህ ያለ ድራማ እንደሚከታተሉ ለእኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። በዚያ ሶፋ ላይ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ሟች ላይ መናደድ ነውር ነው ይላሉ፤ እኔ ተናድጄባታለሁ። ለእናቷ እኛን እየተረከችላቸው ኖራ፣ እኔን የት ቦታ እንዳስቀመጠችኝ ሳትነግረኝ ሄደች። ልብሷን ዘመዶቿ መጥተው በከረጢት ሲወስዱ ከረጢቱን ከፍቼ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ከሷ የወረስኩት ነገር ቢኖር ይህ ውሸት ብቻ ነው።

እንዴት እንደኖርን ልናገር። ቤታችን ሁለት ክፍልና ሁለት አልጋ ነበረው፤ አንደኛው አልጋ ለእንግዳ ዓይን የተቀመጠ ነው። ጀርመን ሊጠይቅሽ ሲመጣ ከሦስት ሳምንት በፊት ይደውላል። ሐበሻ ግን ቴርሚን፣ ቀጠሮ የሚሉትን፣ አይዝም፤ ደወሉን ተጭኖ «እዚሁ በርገር ሽትራሰ፣ በደጃችሁ ሳልፍ ነው» ይላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ማንም ያልተኛበትን አልጋ የተተኛበት እንዲመስል እናበላሽ ነበር። ተራ ነበረን። እሷ ስታበላሸው ትራሱን በጡጫ ጎድጎድ አድርጋ፣ ካልሲ ጣል ታደርግበታለች። እኔ አንሶላውን ገፋ አድርጌ እተወዋለሁ፤ «ይሄ የሞተ ሰው እንቅልፍ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

ሥራ ቦታዋ ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሦስት ቀን ቆየች። ክራንከንሃውስ፣ ሆስፒታሉ፣ ስደርስ ነርሷ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ጀርመናዊት ናት፣ ወጣት ናት፣ እውነቱን ብነግራት ቅንድቧ ንቅንቅ አይልም ነበር። ግን ከኋላዬ እማማ በፍቅረኛዬ አጎት ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። «ሚትቦቮነሪን ነኝ» አልኩ፤ አብሬያት የምኖር ደባል ማለቴ ነው። ነርሷ በትሕትና፣ ለጊዜው ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው አለችኝ። እጇን ያልያዝኩት በራሴ አፍ ነው።

ለቅሶው እማማ ቤት ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ቦታ አለው። እናት መሃል፣ የእናት እህቶች ግራና ቀኝ፣ ከዚያ የአጎት ልጆች፣ ከዚያ የማኅበር ሰው፣ ከዚያ የሥራ ባልደረባ። እኔ ሻይ አመላላሽ ነበርኩ። የሚገባው ሁሉ ወደ ፍራሹ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እህት፣ ውሃ አምጪልኝ» ይላል። አንዷ ሴትዮ ብቻ ወጥ ቤት ገብታ አየችኝና «አንቺ ማነሽ?» አለች። ሌላዋ ቀድማ «ደባሏ ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠችም» ብላ መለሰችላት። እንዲህ ሆኖ እርሜን ሳላወጣ ሦስቱ ቀን አለፈ። ጥቁር እንኳ በወጉ አልለበስኩም ልል ነበር፤ ለብሻለሁ። አየር ማረፊያው፣ ፍሉግሃፈን፣ የመንገደኞች ማረፊያ ውስጥ ሳህንና ብርጭቆ ነው የማነሳው፣ የሥራ ልብሳችን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ዓመት ሙሉ ሐዘኔን በዩኒፎርም ተቀመጥኩ፤ ማንም ለምን ጠቆርሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

የምወዳቸው ገጸ ባሕርያት እነማን እንደሆኑ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ሌላው ሰው የሚወደውን ከብዙ መሃል ይመርጣል፤ እንደኔ ያለ ሰው ፍለጋዬ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። አዲስ አበባ ሳድግ ቴሌቪዥን ላይ ዳሌውን እያወዛወዘ የሚሽኮረመም ወንድ በቀልድ መሃል ብቅ ይል ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያልሳቀ ይታወቅበታል ብዬ ከሁሉም አስበልጬ እስቅ ነበር። ቆይቶ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ረጅም ልቦለድ አገኘሁ። ታሪኩ የአንድ ነጋዴ ነው፤ ጎረቤቱ ግን ልብስ ሰፊ ሴት ናት፣ ባለጸጋ ሽማግሌ ልኮባት እምቢ ብላ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ደራሲው አራት ገጽ ሰጣት፣ በአምስተኛው በተስቦ ገደላት። አራቱን ገጾች ጠርዛቸው እስኪጠቁር አነበብኳቸው። ደራሲው ስለ እኔ ያሰበ አይመስለኝም። እኔ ግን ስለዚያች ልብስ ሰፊ ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ጓደኛዋ ከቀብር በኋላ ስፌት መኪናዋን ምን አደረገችው እያልኩ።

ቦርንሃይም ስንገባ ሌላ ዓለም ተከፈተልን። መጋረጃ ዘግተን በላፕቶፕ የሁሉንም አገር ድራማ እናይ ነበር። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መሞቷ እንደማይቀር ቶሎ ገባን። በመኪና፣ በጥይት፣ በካንሰር፣ ገደል ገብታ፤ ደራሲዎቹ ለእኛ ሲሆን ሞት አያልቅባቸውም። ስለዚህ ጨዋታ ፈጠርን፤ በስንተኛው ክፍል እንደምትሞት እንገምታለን፣ የተሸነፈ ሳህን ያጥባል። እሷ ሁልጊዜ «ይቺ እንኳ አትሞትም፣ ፊቷን እይው» እያለች ትሸነፍ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳህን አጥቤ አላውቅም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከሷ በኋላ የጠዋት ፈረቃ ሲኖረኝ ስምንት ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ ከአየር ማረፊያው ሽቫንሃይም በአውቶቡስ ቅርብ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሶፋው ላይ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት። ለምን እንደምሄድ ራሴን አላታለልኩም። በዚህ ከተማ የሷን ስም የሚጠራ ሌላ ቤት አልነበረኝም። ማስታወቂያ ሲመጣ እማማ «ልጅ ሳለች እንዲህ ነበረች» ብለው ይጀምራሉ፤ በዓይኔ ያላየሁትን የልጅነቷን ፊት በጆሮዬ እሰበስባለሁ። የዚያ ቤት መግቢያዬ ያ ውሸት ነበር። ውሸቱ ከፈረሰ መግቢያዬም አብሮ ይፈርሳል።

ውሸቱ ቀላል ሥራ አልነበረም። ምስሉን በእኔ ዓይን ነው የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ያየውን በአፌ እቀይራለሁ። እማማም የዋዛ አድማጭ አይደሉም። «ፎቅ ያለው ቤት ውስጥ እየኖሩ ለምን አንድ ክፍል ይተኛሉ?» ይላሉ። «ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው እማማ» እላለሁ። «ባለፈው ክረምትም ተበላሽቶ ነበር ብላኛለች፣ ጀርመን አገር የሚጠግን ሞንተር ጠፋ?» ይላሉ። ያኔ እሷም በዚሁ ማሞቂያ አመካኝታ እንደነበር አወቅሁና ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከሞተች ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሦስታችንም የምንወዳት ታላቅየዋን ነበር። ግንባሯ ላይ የሰዓት ሠሪ መነጽር እንደደቀነች ገበያ የምትወጣ፣ የማይሠራ የእጅ ሰዓት የምትሳደብ፣ ለማንም ራሷን የማታስረዳ ሴት ናት። አንዴ ከመሰላል ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ታናሽየዋ እየሮጠች ደረሰች፣ በር ላይ የቆመው ሰው ምኗ እንደሆነች ጠየቃት። «የሷ ነኝ። እሷም የኔ ናት» አለች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። ሰውየው በሩን ለቀቀላት።

«ምን አለችው?» አሉኝ እማማ።

«እህቷ ነኝ» አልኩ።

«ጎሽ። እንዲህ ነው እህት ማለት» አሉ።

ከዚያ በጋው አለቀ፣ ታላቅየዋም ሞተች። የመስሪያ ጠረጴዛዋ ላይ ደረቷን ይዛ ቀረች። ስንተኛው ክፍል እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ የምወራረድበት ሰው አልነበረኝም። የቀብሩ ክፍል በታየበት ቀን እማማ ቀድመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ጠበቁኝ። ለቴሌቪዥን ሰው! ልስቅ ፈልጌ አልሳቅሁም።

ሟቿ ከወደ ደቡብ የመጣ ወንድም አላት። ዘመን ሙሉ ያልታየ ሰው፣ ሚስቱን አስከትሎ መጥቶ ሁሉን በእጁ አስገባ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፊተኛው ወንበር በሱ ቤተሰብ ሞላ። ታናሽየዋ አበባ ይዛ ወደፊት ስትሄድ ክንዷን ያዛትና ወደ ኋላ፣ ጎረቤቶች ወደተቀመጡበት መራት። እሷም ሄደች። ያን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረውም።

«ወደ ኋላ?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ ወደ ኋላ።»

«ለሱስ እህቱ አይደለችም እንዴ? ከአንድ ማኅፀን አይደሉም?»

ያ ውሸት ለሞት የተዘጋጀ አልነበረም።

እማማ ከሶፋው ተነሡ። «ባልወለደ አንጀቱ! እህት ናት እኮ! ከአስከሬኑ አጠገብ ትቀመጥ እንጂ፣ ደግፈው ይያዟት እንጂ! እንደ ጎረቤት ከኋላ ይወረውሯታል? አብራት የኖረች፣ አብራት የበላች እሷ አይደለች? እርሟን ታውጣ እንጂ!» አሉ። «እኔ ብሆን እጇን ይዤ ከፊት አስቀምጣት ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንባ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ጉልበቴን እየመታሁ፣ ለቅሶ ቤት ማልቀስ የነበረብኝን ልቅሶ። እማማ ድምፄን ተከትለው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙኝ። «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ። አንቺም ጓደኛሽን አጥተሻል» አሉ። እጃቸው የሷን እጅ ይመስል ነበር፤ አውራ ጣቱ አጭር፣ መዳፉ ሰፊ። በሩ የተከፈተ መሰለኝ። ከፊት አስቀምጣት ነበር ብለዋል። በራሳቸው አፍ።

«እማማ» አልኩ፣ «እህትማማቾች አይደሉም።»

«እነማን?»

«ሁለቱ ሴቶች። እህትማማቾች አይደሉም። ይዋደዳሉ። እንደ ባልና ሚስት ነው የኖሩት። ከመጀመሪያውም እንዲያ ነበሩ።»

እጄን ወዲያው አልለቀቁም። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ፤ ወዲያው አልለቀቁም። ለእኛ ዓይነቱ ሰው በቋንቋችን ያለው ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ ስብከት፤ ከሁለቱ የትኛውን ይናገሩ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አንዱንም አልተናገሩም።

«እህትማማች ናቸው ያለችኝ ልጄ ናት» አሉ።

«አዎ እማማ።»

ለምን እንዲያ አለችኝ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት አፌ ላይ የነበረ መልስ ነው። እሳቸው ግን እጄን ቀስ አድርገው ጉልበቴ ላይ መለሱልኝና የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡ።

«እንዲያ ከሆነ ደግ አደረጉ» አሉ።

«እነማን?» አልኩ፣ ገብቶኝ ሳለ።

«የሟቿ ቤተሰቦች። ደግ አደረጉ። አሁን ዝጊው። ሂጂ ልጄ፣ ትራም ያመልጥሻል።»

ትራሙ በየአሥር ደቂቃው ነው። ብርጭቆዎቹን አጠብኩ፣ ከማድረቂያው ላይ ደረደርኩ፣ «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ቁጥር ትራም ዛፍ ለዛፍ ሲሄድ በመስኮቱ ውስጥ የሥራ ልብሴን አየሁት። ያ ወንድም ተብዬው አልነበረም ያናደደኝ። ከኔ በላይ ለታናሽየዋ የጮኸላት ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ወንበሩን መልሶ ነጠቃት፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ያቀበልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። አፌን ብይዝ ኖሮ ታናሽየዋ ቢያንስ በዚያ ሳሎን ከፊት ተቀምጣ ትቀር ነበር።

አንድ ወር ሊሞላ እስኪቃረብ ምንም አልሰማሁም። አልደወልኩም፤ ምን ብዬ ልደውል። ቤቴ ውስጥ የማንም ያልሆነውን አልጋ ማበላሸት ትቼ ነበር፤ አንድ ጠዋት ተነሥቼ አበላሸሁት። ካልሲም ጣል አደረግሁበት።

ከዚያ እማማ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። «ሐሙስ የዓይን ዶክተር ቴርሚን አለኝ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ቤት ነኝ። ፍሩሽሽት ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ የጠዋት ነኝ። ስምንት ሰዓት እወጣለሁ።»

«እንግዲያው ድረሺ።»

ሐሙስ ስገባ ሪሞቱ የኔ ቦታ ላይ ተቀምጧል። እማማ ወደ ጥላዬ ዞሩ። ቀድመው ተዘጋጅተውበት እንደነበር ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፣ ቃል በቃል ነው ያወረዱት።

«ልጄ እህትማማች ናቸው ብላኛለች። ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም። አንቺም እንደሷ አድርገሽ ንገሪኝ። ዝም አይነቅዝም።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ተነሥቼ ወጥቼ፣ ሁለተኛ ላልመለስ እችል ነበር፤ ኩሩ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ታላቅየዋ ብትሆን በሩን ወርውራ ትወጣ ነበር። እኔ እሷን አይደለሁም። ጫማዬን አወለቅሁና ተቀመጥኩ።

«ደግሞ» አሉ፣ «ሙት ዓመቷ ደርሷል። በጊዜ ነይ። ዘመድ ሁሉ ይመጣል፣ ሻዩን የሚያመላልስልኝ ሰው የለም።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ታናሽየዋ ብቻዋን ሰዓት ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ሰዓቶቹ በሙሉ ቆመዋል። መሳቢያ ውስጥ ታላቅየዋ የተወችላትን ደብዳቤ አግኝታ፣ ፖስታውን ቀዳ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ፍቅሬ» ይላል የመጀመሪያው መስመር።

«ምን ትላለች?» አሉኝ እማማ።

«እህቴ ሆይ ትላለች» አልኳቸው።